ብር ተቆጥሮ ቢያልቅም ቤቱ ገና አልተሸጠም

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ልሽጥ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ያወጣል?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ገዢ ከየት ይምጣ?» ይላል። እነዚህ ሁለቱ መልስ ካገኙ ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል። እኔ ግን ከዘመድም ከጎረቤትም ጋር ወረዳና ክፍለ ከተማ ስመላለስ ያየሁት ሌላ ነው። ገዢ ተገኝቶ፣ ዋጋ ተቆርጦ፣ ሽማግሌ ፊት እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ከዚያ በኋላ የሚፈርሰው ሽያጭ ብዙ ነው። የሚያፈርሰው ደግሞ ሁልጊዜ አጭበርባሪ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ሰዎች ከዚህም ከዚያም ሰምተው እውነት ነው ብለው የያዙት ነገር ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የለፋበትን ቤት በዚህ ምክንያት መሸጥ ሲያቅተው ወይም ሸጦ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ማየት ያንገበግበኛል። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ።

ከሁሉም በላይ የምሰማው «ካርታው በስሜ ነው፣ ማንንም መጠየቅ የለብኝም» የሚለውን ነው። ካርታው ላይ የእናንተ ስም ብቻ መኖሩ ቤቱ የእናንተ ብቻ ነው ማለት አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልና ሚስት ንብረት በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ብሎ ነው የሚነሳው። የጋራ የሆነ ቤት ደግሞ ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ በመያዣም አይሰጥም። አንዱ ተደብቆ ቢሸጥ ሌላው ነገሩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ደግሞ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ፣ ይፍረስልኝ ብሎ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይሄ ሕግ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፣ ክልል ውስጥ የምትሸጡ ከሆነ የዚያን ጠይቁ።

ውልና ማስረጃ ስትሄዱ ባለትዳር ከሆናችሁ የጋብቻ ማስረጃ፣ ካልሆናችሁ ያላገባ ማስረጃ አምጡ የምትባሉትም ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ይሄን እንደ ማጉላላት ያየዋል። አይደለም፤ የሌላውን ሰው መብት መጠበቂያ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ተፋትቻለሁ ማለት ብቻውን አይበቃም። ፍቺው ተወስኖ ንብረቱ ሳይከፋፈል የቀረበት ሰው በጣም ብዙ ነው። ከዓመታት በፊት በሰላም ተለያይተናል፣ እሷም የራሷን ኑሮ ይዛለች፣ እኔም ቤቱ ውስጥ ቀርቻለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ቤቱን ሊሸጥ ሲል የቀድሞ ባለቤቱን ፊርማ ይጠየቃል። ያኔ የተዘጋ የመሰለው ጉዳይ እንደ አዲስ ይከፈታል። ንብረት መከፋፈል በፍቺው ጊዜ መጨረስ የሚገባው ነገር ነው። ያልጨረሰ ደግሞ ገዢ ከመፈለጉ በፊት ይጨርስ።

ባል ወይም ሚስት ሲሞትም እንዲሁ ነው። ሰፈራችን ያሉ አንዲት እናት ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቤቱን ሸጠው ወደ ትንሽ ቤት ሊገቡ አሰቡ። ካርታው በእሳቸው ስም ነው። «ልጆቼ ናቸው፣ ምን ይሉኛል» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ልጆቻቸው ምንም አላሉም፣ እንዲያውም ቶሎ ይሸጡት ብለው የገፋፉት እነሱ ናቸው። ችግሩ ሐሳብ ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ ነበር። የአባት ግማሽ ለወራሾች አልፏል፤ ስለዚህ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል። ልጆቹ ውጭ አገር ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከኤምባሲ ውክልና መላክ አለባቸው፤ ውክልናው አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አልፎ ሰነዶች ማረጋገጫ (ያው ውልና ማስረጃ) ገብቶ መመዝገብ አለበት። ይሄ ሁሉ እስኪያልቅ ገዢው ሌላ ቤት ገዛ። ጥሩ ዋጋ የሰጠ ጥሩ ሰው ነበር። ወረቀቱ ቀድሞ አልቆ ቢሆን ኖሮ ያ ሽያጭ አይቀርም ነበር። ከወራሾቹ ውስጥ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ቢኖር ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ሞግዚቱ ብቻ ፈርሞ አይሸጥም፣ ፍርድ ቤት ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

ሌላው «መሬቴን እሸጣለሁ» የሚባለው ነገር ነው። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማ መሬት የመንግሥት ሆኗል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። እናንተ የምትሸጡት ላዩ ላይ ያለውን ቤት ነው፣ የመጠቀም መብቱ ከቤቱ ጋር ይተላለፋል። ሁሉም ይሄን ያውቀዋል፣ ግን ዋጋ ሲቆርጥና ሲዋዋል ይረሳዋል። ነባር ይዞታ ያለው ሰው፣ ማለትም ሊዝ (ቦታን ለተወሰነ ዘመን ከመንግሥት በክፍያ መያዝ) ከመምጣቱ በፊት የተያዘ ቦታ ያለው፣ «የኔ ቦታ ሊዝ የለበትም፣ ነባር ነው» ብሎ ዋጋ ይጨምርበታል። ለእሱ እውነት ነው። ለገዢው ግን አይደለም። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት የሚይዘው በሊዝ ነው። የገባው ገዢ ይሄን አስልቶ ነው የሚመጣው። ሻጩ ካላወቀ ደግሞ ገዢው ለምን እንደሚያወርድበት ሳይገባው ይጣላል።

በሊዝ የተያዘ ቦታ ላይ ያለው የተሳሳተ ግምት ደግሞ ይብሳል። ቦታ በጨረታ አሸንፌ፣ አጥሬ፣ ትንሽ መሠረት አውጥቼ አየር በአየር እሸጠዋለሁ የሚል ሰው አለ። ሕጉ ይሄን አስቦበታል። ግንባታ ሳይጀመር ወይም ግማሽ ግንባታ ሳይደርስ የሚተላለፍ ሊዝ ከሆነ ሻጩ የሚያገኘው እስከዚያ የከፈለውን ሊዝ ከባንክ ወለዱ ጋር፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋ እና ከሊዝ መብቱ ማስተላለፊያ ዋጋ 5 በመቶ ነው። የቀረው ለአስተዳደሩ ነው። እኔ ይሄ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ቤት ሊሠራበት የተሰጠ ቦታ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ዋጋው ብቻ ሲያድግ ቤት የሌለው ሰው ነው የሚከፍለው።

ቦታ ላይ ሳለን፣ አጥራችሁ ውስጥ ያለው ሁሉ የእናንተ አይደለም። የድሮ ሰፈሮች ውስጥ በተለይ ወንዝ ዳር ያሉ ግቢዎች ካርታው ላይ ካለው ስፋት በላይ ናቸው። ባለቤቶቹ ለዘመናት ጎመን ተክለውበት፣ ልጆች አሳድገውበት፣ ካርታው ላይ ስንት ካሬ እንደተጻፈ እንኳን ረስተውታል። ለገዢ ግቢውን እያስጎበኙ በሙሉ ስፋቱ ዋጋ ይጠራሉ። ከዚያ ልኬት ሲመጣ ትርፍ ይዞታ ይወጣል። ገዢው ያታለሉት ይመስለዋል፣ ሻጩ ይዋረዳል። ካርታችሁን ዛሬ አውጥታችሁ ስፋቱን አንብቡ፣ ከተቻለ አስለኩት። የቀበሌ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ደግሞ የቱንም ያህል ዓመት ቢኖርበት፣ ከራሱ ኪስ አውጥቶ ቢያድሰው፣ ተከራይ ነው። ተከራይ የሚሸጠው ቤት የለም። ይሄን የሚገዛ ሰው መኖሩ ሽያጩን ሕጋዊ አያደርገውም።

ወደ ዋጋ ልምጣ። «ከኛ ቀጥሎ ያለው ቤት በዚህን ያህል ተሸጧል» ይባላል። ማን እንዳለ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የተጠየቀበትን እንጂ የተሸጠበትን ዋጋ አይደለም የምንሰማው። የተሸጠበትን የሚያውቁት ሻጩና ገዢው ናቸው፣ እነሱም አይናገሩም። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈውም የሻጭ ምኞት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ደግሞ ብዙ ሰው የቤቱን ዋጋ በዶላር እያባዛ ቁጭ ብሏል። ገዢው ግን ደሞዙ በዶላር አልሆነም። እዚህ አገር ቤት የሚገዛው በአብዛኛው ያጠራቀመውን ብር ይዞ የሚመጣ ሰው ነው፣ የባንክ ብድር የሚያገኘው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዋጋው በጨመረ ቁጥር መግዛት የሚችለው ሰው በጣም ይቀንሳል። ቤቱ ለወራት ገበያ ላይ ከተንጠለጠለ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ «ያ ቤት ምን ችግር ቢኖርበት ነው?» ማለት ይጀምራል።

ከመሸጤ በፊት ላድሰው የሚለውም እንደ ቤቱ ነው። ኮንዶሚኒየም ወይም አፓርታማ ከሆነ ቀለምና የመታጠቢያ ቤት ጥገና ይረዳል። ነገር ግን ጥሩ ቦታ ላይ ያለ ያረጀ የጭቃ ቤት ወይም የድሮ ቪላ የሚገዛው ሰው አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት ነው። እሱ ሴራሚኩን አያየውም። የሚያየው ካሬውን፣ የመንገዱን ስፋትና ምን ያህል ፎቅ እንደሚፈቀድ ነው። ለእንዲህ ያለ ገዢ ሳሎን ማሳደስ ብር መበተን ነው። ያንን ብር ወረቀት ማስተካከያ አድርጉት። የኮሪደር ልማት አጠገባችን መጥቷል፣ ዋጋው ይጨምራል የሚለውም ቢሆን ግማሽ እውነት ነው። መንገዱ ቤታችሁ ፊት ለፊት ካለፈ ሊጨምር ይችላል። በቤታችሁ ላይ ካለፈ ግን ሌላ ነገር ነው። ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ልማት ይነካዋል?» ብሎ ስለሆነ፣ ከሰፈር ወሬ ሳይሆን ከክፍለ ከተማው ፕላን የተረጋገጠ መልስ ይኑራችሁ።

ቀብድ። ሻጩ ቀብድ ተቀብሎ የተሻለ ገዢ ሲመጣበት «ብሩን እመልስለታለሁ፣ ምን ችግር አለው» ይላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለ ሰው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እጥፍ! ስለዚህ ልባችሁ ሳይቆርጥ ቀብድ አትቀበሉ። የቤተሰብ ስምምነት ሳያልቅ፣ የባለቤታችሁ ፈቃድ ሳይረጋገጥ፣ ደላላው «ገዢው እንዳይሄድ ትንሽ ያዙ» ስላላችሁ ብቻ ብር አትያዙ። ደግሞ በመንደር ውል፣ ሁለት ምስክር አስፈርመን ጨርሰናል የሚባለው አይበቃም። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ አለበት። በመንደር ውል ብር የተቀባበሉ ሰዎች በኋላ ፍርድ ቤት የሚያዩት ራስ ምታት ለጠላትም አይመኙትም።

አሁን ወደማልወደው ነገር። «ውሉ ላይ ዝቅ አድርገን እንጻፈው፣ ግብርና ቴምብር እንዳይበዛ።» ይሄ እንደ ልማድ ተቆጥሯል። ደላላው ይመክራል፣ ገዢው ይጠይቃል፣ ሻጩ «ለሱ ብዬ» ብሎ ይስማማል። አትስማሙ። አንደኛ፣ ክፍያው የሚሰላው እናንተ በጻፋችሁት ብቻ አይደለም፣ መንግሥት የራሱ ግምት አለው። ሁለተኛ፣ ከተጻፈው በላይ ያለው ብር በቃል ብቻ የቆመ ነው። ገዢው ግማሹን ከፍሎ ቀሪውን ቢክድ ምን ይዛችሁ ትከሱታላችሁ? በጽሑፍ የሰፈረን ቃል በምስክር ማፍረስ ሕጉ በቀላሉ አይፈቅድም። ጥፋት መሆኑን እንኳን ብንተወው፣ ሻጭ ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም የለም። ስጋቱ ግን የሻጭ ነው።

ውክልና ላይ ረዘም ልበል፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ የሚጎዳው ሰው ብዙ ነው። በዕጣ የደረሰ ኮንዶሚኒየም 5 ዓመት ሳይሞላው እንዳይሸጥ ገደብ አለበት፣ የባንክ ዕዳም አለበት። ብር የቸገረው ባለዕድል ምን ያደርጋል? ለገዢው ውክልና ይሰጠዋል፣ ብሩን ይቀበላል፣ ቁልፉን ያስረክባል። «ሸጬ ወጥቻለሁ» ይላል። አልወጣም። ቤቱ አሁንም በስሙ ነው። የባንኩ ዕዳ በስሙ ነው፣ ገዢው ወርሃዊውን ባይከፍል የሚጠራው እሱ ነው። ግብሩ በስሙ ነው። ቤት አለህ ተብሎ ነገ ሌላ የመኖሪያ ቤት ፕሮግራም ላይ መመዝገብ አይችልም። ገዢውም ያው ነው፤ ውክልና በወካዩ ሞት ይቋረጣል፣ ወካዩ በሕይወት እያለም ሊሽረው ይችላል። ሁለቱም ወገን ሌላው እስኪሞት ወይም እስኪለወጥ ድረስ በስጋት ይኖራሉ። መንገዱ የተለመደ ስለሆነ ብቻ ደህና መንገድ አይደለም። የጊዜ ገደቡን መጠበቅ የሚቻል ከሆነ ጠብቁ፣ እስከዚያ አከራዩት።

ውጭ ላላችሁ ደግሞ። «ለወንድሜ ሙሉ ውክልና ሰጥቼዋለሁ፣ እሱ ይሸጥልኛል» የምትሉ ውክልናችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። ጠቅላላ ውክልና ንብረት ለማስተዳደር እንጂ ቤት ለመሸጥ አይበቃም። መሸጥ የሚል ቃል በግልጽ መጻፍ አለበት፣ ቤቱም በዝርዝር ቢጠቀስ ይመረጣል። ባለትዳር ከሆናችሁ የባለቤታችሁም ውክልና ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲያትል፣ አንዱ ዱባይ ቢሆንም። እና እባካችሁ፣ ዘመድ ስለሆነ ብቻ መሸጥና ብር መቀበልን አንድ ላይ አትስጡ። ብሩ በቀጥታ በእናንተ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ይግባ ብላችሁ ውክልናው ላይ አስጽፉ። ይሄ ወንድምን አለማመን አይደለም። ወንድማማችነቱ እንዳይበላሽ መጠበቅ ነው።

ደላላን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሥራቸውን በደንብ የሚሠሩ አሉ፣ ያለ እነሱ ገዢ ማግኘትም ከባድ ነው። ግን ደላላው የእናንተ ጠበቃ አይደለም። ብዙውን ጊዜ 2 በመቶ ነው የሚጠየቀው፣ ማን እንደሚከፍልና መቼ እንደሚከፈል ቤቱን ከማሳየቱ በፊት ተነጋገሩ። «አንቺ የምትፈልጊውን ንገሪኝ፣ ከዚያ በላይ ያለው የኔ ነው» የሚል ካጋጠማችሁ አትቀበሉት። ገዢ የሚባረረው በዚያ ጭማሪ ነው።

ወጪን በተመለከተ ደግሞ «ሁሉም በገዢ ነው» የሚለው ልማድ እንጂ ደንብ አይደለም። የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ አለ፣ የስም ማዛወሪያ አሹራ (ለከተማ አስተዳደሩ የሚከፈል ክፍያ) አለ። እነዚህን ገዢ የሚከፍል ከሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። በሽያጭ ትርፍ ላይ የሚከፈለው ግብር ግን የሻጭ ነው። ለንግድ ወይም ለኪራይ ያገለገለ ቤት ከሆነ ከተገኘው ጥቅም ላይ 15 በመቶ ይታሰባል፣ ከሽያጩ ሙሉ ዋጋ ላይ አይደለም። ለመኖሪያ ብቻ ሲያገለግል የቆየ ቤት የሚታየው በሌላ መንገድ ነው፣ ስለዚህ የኖራችሁበትን ማስረጃ አደራጁ። የጣሪያና ግድግዳ ግብር ውዝፍ ካለ ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚገልጽ ወረቀት) አይሰጣችሁም። ከዚያ በፊት ግን ፋይላችሁ ላይ እግድ እንደሌለ አረጋግጡ። ለዘመድ ዋስ ሆናችሁ ያስያዛችሁት ካርታ ካለ፣ ብድሩ ተከፍሎ ቢያልቅም፣ ባንኩ የእግድ ማንሻ ደብዳቤ ካልጻፈ መዝገቡ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

ቤቱ ውስጥ ተከራይ ካለ «ሸጬዋለሁ፣ በወሩ መጨረሻ ውጣ» ማለት ቀርቷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ አድርጓል፣ ውሉም ይመዘገባል። አዋጁ እናንተ ከተማ የሚሠራ ከሆነ የተከራዩን ውል ከመዋዋላችሁ በፊት ለገዢው አሳዩት። ባዶ ቤት አስረክባለሁ ብላችሁ ፈርማችሁ ተከራዩ በሕጉ ቢቆምባችሁ ውል ያፈረሳችሁት እናንተ ናችሁ።

ብር አከፋፈሉን በሲፒኦ (ባንክ በሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) አድርጉት። ሲፒኦውን ይዛችሁ ውልና ማስረጃ ከመፈረማችሁ በፊት ያወጣው ባንክ ደውላችሁ ወይም ሄዳችሁ አረጋግጡ። ገዢው የተወሰነ ብር ስም እስኪዞር ልያዝ ቢላችሁ አትቆጡ፣ ልክ ነው። መጠኑና የሚከፈልበት ቀን ብቻ ውሉ ላይ ይስፈር። ከፈረማችሁ በኋላም ስሙ መዞሩን ተከታተሉ። ብዙ ሻጭ ብሩ እጁ ከገባ በኋላ ገዢው ሲደውልለት ስልክ አያነሳም፣ «የሱ ጉዳይ ነው» ይላል። የእናንተም ጉዳይ ነው። ካርታው በስማችሁ እስካለ ድረስ የቤቱ ግብርም ክሱም ወደ እናንተ ነው የሚመጣው። አዲሱ ካርታ በገዢው ስም ሲወጣ ኮፒውን ተቀብላችሁ ከሽያጭ ውሉ ጋር አስቀምጡ፣ ለመብራትና ለውሃም ስም ማዛወሪያ ማመልከቻውን አብራችሁት ሄዳችሁ አስገቡ።